የማያንቀላፋው ሣጥንና የቤታችን ቆጣሪ

በቤታችን ውስጥ ያሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አብዛኞቹ የሥራና የዕረፍት ሰዓት አላቸው። ምጣዱ እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ይጠፋል፤ ካውያው ልብሱ ከተተኮሰ በኋላ ይነቀላል፤ አምፑሉም ባለቤቱ ወደ መኝታው ሲሄድ አብሮ ያርፋል። አንድ ዕቃ ግን ከተሰካበት ቀን ጀምሮ እስኪበላሽ ድረስ ዐይኑን ሳይከድን ያድራል። ይኸውም ኢንተርኔትን ከመንገድ ተቀብሎ በየክፍሉ የሚያከፋፍለው፥ በተለምዶ «ዋይፋይ» እያልን የምንጠራው ትንሽ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ምን ያህል መብራት እንደሚበላ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ብንሆን አንድ ክርክር እስኪያጋጥመን ድረስ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ክርክሩ የተነሣው እንዲህ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የሚሠራ ወጣት ወዳጃችን በአዲስ አበባ ከአንዲት እናት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የግቢው ቆጣሪ አንድ ብቻ ስለ ሆነ የመብራቱን ሒሳብ ከአከራዩ ጋር እኩል ይካፈላሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሒሳቡ እየጨመረ በመሄዱ እናት ጥርጣሬያቸውን ሁሉ በዚያ ሣጥን ላይ ጣሉት።

«ልጄ፥ እኔ ሌሊት ለጸሎት ስነሣ ያ ሣጥንህ ብልጭ ድርግም ሲል አየዋለሁ። የማይተኛ ነገር የማይበላ ይመስልሃል?» አሉት።

«እማማ፥ እሱ እኮ ከአንድ አምፑል አይበልጥም። ሒሳቡን የሚያበዛው የእርስዎ ምጣድ ነው» ሲል መለሰላቸው።

ነገሩ ከሣጥኑ አልፎ «ቤቱን ልቀቅልኝ»፥ «እለቃለሁ» ወደ መባባል ደረሰ። በመጨረሻም እኛ ለሽምግልና ተጠራን።

ሽማግሌ ሆነን ስንቀመጥ በቃል ብቻ መፍረድ አልወደድንም። ብልሃቱንም ከቆጣሪው ፊት ተጽፎ አገኘነው። የዛሬው ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፤ በአጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል በቁጥር ተጽፏል። በዚያ ቤት ቆጣሪ ላይ የተጻፈው 1000 ነበር። እንግዲህ 1000 ብልጭታ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ፥ አንዱ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ነው ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተቆጠረው ብልጭታ ዕቃው የሚበላውን ዋት ራሱን ይነግረናል።

እሑድ ማታ በግቢው ያለው ዕቃ ሁሉ ተነቀለ፤ ማቀዝቀዣው ሳይቀር አረፈ። የወጣቱ የኢንተርኔት መደርደሪያ ብቻ እንደ ተሰካ ቀረ። ሻማ ተለኮሰ፤ ቡናው በከሰል ፈላ፤ የእናት የልጅ ልጅም ከቆጣሪው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለእያንዳንዱ ብልጭታ በደብተሯ ላይ አንድ መስመር ታሰምር ጀመር። ሰዓቱ ሲሞላ መስመሮቹ ተቆጠሩ፤ 55 ሆነው ተገኙ።

«አላልኩም?» አሉ እናት።

ወዳጃችን ደነገጠ። ዛሬ በየቤቱ የሚገባው አምፑል 9 ዋት ያህል ስለ ሆነ፥ መደርደሪያው ከአንድ አምፑል ጋር ሳይሆን ሌሊትና ቀን ከሚበሩ ስድስት አምፑሎች ጋር የሚመዛዘን ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ አንድ ብቻ አልነበረም። ከላይ የፋይበሩ መቀበያና የዋይፋዩ ሣጥን፥ አቧራ እንዳይነካቸው በእናት እጅ በተሠራ ዳንቴል ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ከሥራቸው ደግሞ ሰፊ የብረት ሣጥን አለ። ወዳጃችን ለኔትዎርክ ሞያ ፈተና ሊለማመድበት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛው፥ ለትልቅ ቢሮ የተሠራ ስዊች ነው። ስዊች ስንል የመብራት ማብሪያ ማጥፊያውን ሳይሆን፥ ኬብል እየተሰካበት ኮምፒዩተሮችን እርስ በርሳቸው የሚያገናኘውን መሣሪያ ማለታችን ነው።

ይህን የብረት ሣጥን ነቅለን ለሁለተኛ ሰዓት ቆጠርን። በዚህ ጊዜ ብልጭታው 15 ብቻ ሆነ። ስለዚህ መቀበያውና ዋይፋዩ ሁለቱ ተዳምረው 15 ዋት፥ የቢሮው ስዊች ግን ብቻውን 40 ዋት ይበላሉ ማለት ነው።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። 15 ዋት በ24 ሰዓት፥ ከዚያም በ30 ቀን ሲባዛ 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 40 ዋቱ ደግሞ በወር 28.8 ይደርሳል። ድምሩ 39.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእናት ምጣድ 3500 ዋት ነው፤ አንድ ጊዜ ሲጋገር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚበራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በወር 8 ጊዜ ቢጋገር 42 ይሆናል። እንግዲህ ያ ድምፅ የሌለው መደርደሪያ ቤተ ሰቡን ሁሉ ከሚመግበው ምጣድ ጋር ሊተካከል ጥቂት ብቻ ቀርቶት ነበር። ስዊቹ ሲነሣ ግን የቀሩት ሁለቱ ሣጥኖች የወር ፍጆታ ሁለት ጊዜ እንጀራ ከመጋገር የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ብዙዎቻችን የምንፈራው ዋቱ የበዛውን ዕቃ ነው። ሒሳብ የሚሠራው ግን ዋት ብቻውን አይደለም፤ ዋት በሰዓት ተባዝቶ ነው። ትልቁ ምጣድ በወር 12 ሰዓት ይሠራል፤ ትንሹ ሣጥን 720 ሰዓት ይሠራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን ለሰዓትም ይሠራል።

ሣጥኑ ስለ ምን አይተኛም? ማንም ሰው በማይጠቀምበት ሌሊት እንኳ ዋይፋዩ በአየር ላይ «እዚህ ነኝ፤ ስሜም እገሌ ነው» የሚል አጭር መልእክት በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ይልካል። ስልካችን ከመንገድ ስንገባ ወዲያውኑ የሚያውቀው በዚህ ጥሪ ነው። የፋይበሩ መቀበያም እንዲሁ ከቴሌ ጣቢያ ጋር የሚያገናኘውን ብርሃን ያለ ማቋረጥ ይጠብቃል። በመጨረሻም የተበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። እጃችንን ስናስጠጋ የሚሞቀን ይኸው የከፈልንበት ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ዳንቴሉ ቢያምርም ሙቀቱን አፍኖ የዕቃውን ዕድሜ ስለሚያሳጥር፥ በእናት ፈቃድ ወደ ጠረጴዛው ተዛወረ።

የስዊቹ ነገር ደግሞ ስለ ፍጥነት ዋጋ ያስተምረናል። ወዳጃችን በስዊቹ ላይ በሴኮንድ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ ሁለት የመዳብ ኬብል መሰኪያዎች ጨምሮ ነበር። ወደ ቤቱ የሚገባው መስመር ግን 25 ሜጋቢት ነው። 10 ጊጋቢት የዚህ 400 እጥፍ ይሆናል። ይህ ማለት በእግረኛ መንገድ ጫፍ ላይ 400 መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ አደባባይ እንደ መሥራት ነው። አደባባዩ ባዶውን ይውላል፤ ጥበቃው ግን ደመወዙን ይቀበላል።

ይህ ደመወዝ ከወዴት ይመጣል? በመዳቡ ኬብል ውስጥ አራት ጥንድ ሽቦዎች አሉ። በእያንዳንዱም ጥንድ ላይ መልእክት በአንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ስለዚህ መሣሪያው የራሱ ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ ይመጣበታል፤ የጎረቤት ሽቦዎችም ጫጫታ ይገባበታል። ከዚህ ሁሉ መካከል የወዲያኛውን ቃል ለይቶ ለመስማት፥ በሴኮንድ 800 ሚሊዮን ጊዜ በየጥንዱ የሚደርሰውን ምልክት እያሰላ ማጣራት አለበት። የሚበላው ኃይል በዚህ ስሌት የሚያልቅ ነው። በፋይበር ውስጥ ግን ብርሃን ስለሚጓዝ ይህን የመሰለ ማሚቶና ጫጫታ የለም፤ ስለዚህ ለአጭር ርቀት የሚያገለግለው የፋይበር መሰኪያ ለዚያው ፍጥነት 1 ዋት ያህል ይበቃዋል።

በመዳብ ኬብል 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው ደንብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ጸድቆ ሲወጣ፥ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ከፍተኛ ሙቀት ስለ ነበራቸው ለቤት የሚመቹ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት በእጅጉ ተሻሽለዋል። በ2010 ደግሞ መልእክት በሌለበት ጊዜ መስመሩ ለጥቂት እንዲያንቀላፋ የሚፈቅድ ሌላ ደንብ ጸደቀ። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው በኬብሉ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱም መሣሪያዎች ደንቡን የሚያውቁ ሲሆኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2013 ባወጣው ደንብ፥ ለቤትና ለቢሮ የሚሸጡት እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ሥራ ፈትተው በሚጠባበቁበት ጊዜ ከ2017 ጀምሮ ከ8 ዋት በላይ እንዳይበሉ ወሰነ። ከዚህ በፊት የተሠራ አሮጌ ዕቃ በርካሽ የሚገዛ ሰው፥ ቀሪውን ዋጋ በየወሩ ለቆጣሪው እንደሚከፍል ይወቅ።

ነገሩን ከአንድ ግቢ አውጥተን በአገር መጠን ብንገምተው ደግሞ የበለጠ ይገለጻል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሚሊዮን ቤቶች እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሚበላ ሣጥን ሰክተው ቢያድሩ፥ ሌሊትና ቀን 10 ሜጋዋት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ኃይል ማመንጫ ሲሠራ የነበረው አቅም 43.2 ሜጋዋት ነበር። ስለዚህ እነዚህ ትናንሽ ሣጥኖች የዚያን ታላቅ ሥራ ሩብ ሊደርሱ ጥቂት ይቀራቸዋል። ሁሉም እንደ ወዳጃችን 55 ዋት የሚበላ መደርደሪያ ቢኖራቸው ግን ቆቃ ብቻውን አይችላቸውም ነበር። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ከ5000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም እንዳለው እናውቃለን። ነገር ግን ብዙ ማመንጨት በከንቱ ለማፍሰስ ምክንያት አይሆንም። ገና መብራት ያልደረሰው ወገን ሞልቶ ሳለ፥ ባዶ መስመር የሚጠብቅ ሙቀት ማምረት የሚያስመሰግን አይደለም።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም ይህን በየመሥሪያ ቤታቸው ሊመለከቱት ይገባል። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ የቢሮ ሥራ 40 ሰዓት ያህል ነው። በቀሩት 128 ሰዓቶች በየፎቁ ያሉት ስዊቾችና ዋይፋዮች ለባዶ ወንበር ያገለግላሉ። ይህን ስንል ማንም እየተነሣ ገመድ ይንቀል ማለታችን አይደለም፤ የጥበቃ ካሜራና የመረጃ ማከማቻ የተያያዙበት መስመር ሊኖር ይችላልና። ሞያተኛው ግን የዋይፋዩን ሬዲዮ በሌሊትና በዕረፍት ቀን እንዲያርፍ፥ ማንም የማይጠቀምበትም መሰኪያ እንዲዘጋ ከመሣሪያው ውስጥ ማዘዝ ይችላል። ይህን የሚጠይቀው ሰው ካልተገኘ ግን ማዘዣው ሳይነካ ይኖራል።

ለቤት የሚሆነው ምክራችን አጭር ነው። ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ወደ ቤታችን የሚገባውን መስመር ፍጥነት እንወቅ፤ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዕቃ አያፈጥነንም። በቻርጀሩ ላይ 12 ቮልት፥ 1.5 አምፔር ተብሎ ቢጻፍ 18 ዋት መስጠት ይችላል ማለት እንጂ ሣጥኑ ሁልጊዜ 18 ዋት ይበላል ማለት ስላልሆነ፥ ከጽሑፉ ይልቅ ቆጣሪውን እንመን። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑን በባትሪ የሚያሠሩ ሰዎችም ይህን ስሌት ያስታውሱ፤ 30 ዋት ሰዓት የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ 15 ዋቱን ለሁለት ሰዓት ሲያቆይ፥ 55 ዋቱን ግማሽ ሰዓት ጥቂት አሳልፎ ይተወዋል።

ሽምግልናው በዚህ ተፈጸመ። ወዳጃችን ስዊቹን በየማታው ለልምምድ በሚቀመጥባቸው ሁለት ሰዓቶች ብቻ ሊሰካው ተስማማ፤ ፍጆታውም ከ28.8 ወደ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ወረደ። ላለፉት ወራት የበላውንም አስልቶ ለእናት ከፈለ። ዋይፋዩን በሌሊት ይንቀል እንደ ሆነ ሲጠይቃቸው ግን እናት ራሳቸውን ነቀነቁ። በውጭ አገር ያለው ልጃቸው ከሥራው ወጥቶ የሚደውልላቸው እዚህ ሌሊት በሚሆንበት ሰዓት ነው፤ የሚደውልላቸውም በዚያው ሣጥን በኩል ነው።

«እሱስ ይደር፤ የሚበላውን ካወቅሁት የሚሠራውንም አውቃለሁ» አሉ።

እኛም ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኘንም። ሌሊቱን የሚያድር ዕቃ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ የሚበላው ተቆጥሮ፥ የሚሰጠውም አገልግሎት ታውቆ ሲመዛዘን ግን በቤቱ ሊኖር የሚገባውና የማይገባው ይለያል። አንባቢዎቻችንም ዛሬ ማታ ከቆጣሪያቸው ፊት ጥቂት ቆመው ብልጭታውን ቢቆጥሩ፥ በቤታቸው ማን እንደማያንቀላፋ ያውቃሉ።