የተቃጠለ ዘይት ወደ ወንዝ ሲገባ አቤቱታ ማቅረብ የሚችለው ማን ነው?

የነዳጅ መፍሰስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ባሕር ላይ አደጋ የደረሰበትን መርከብና በዘይት የጠቆረ ዳርቻን ነው። ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም ችግሩ ሩቅ አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከጋራዥ ወይም ከመኪና እጥበት ቦታ ወደ ጎርፍ ማስወገጃ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት መድረሻው ትንሹ አቃቂ ነው። ወንዙ በአባ ሳሙኤል በኩል አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በመሆኑም ወደ ወንዙ የገባው ብክለት እዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ይቀራል።

የተቃጠለ ዘይት ከአዲሱ ይልቅ ጎጂ ነው። ሞተር ውስጥ ሲሠራ ከባድ ብረቶችንና ከቃጠሎ የሚመነጩ ካንሰር አምጪ ውሁዶችን ይሰበስባል። ውኃ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ኦክስጂን እንዳይገባ ያግዳል፤ ከፊሉም ከደለል ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። በክረምት ጎርፍ ወደ ታች ይገፋዋል። በበጋ ግን የወንዙ ውኃ ስለሚቀንስ የብክለቱ ክምችት ይጨምራል፤ በአቃቂ ዳርቻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በወንዙ ውኃ የሚለማውም በዚሁ ወቅት ነው። አትክልቱ ተመልሶ የሚቀርበው ለከተማው ነዋሪ ነው።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ በካዩም ያደረሰውን ብክለት እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ብዙ ተገልጋዮች የማያውቁት በአንቀጽ 11 የተሰጠውን መብት ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት አቤቱታ አቅራቢው በጉዳዩ ላይ የተለየ ጥቅም ያለው መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ወንዙ በደጁ የማያልፍ የአየር ጤና ነዋሪም በታችኛው ተፋሰስ ካለው ገበሬ እኩል አቤት ማለት ይችላል። አቤቱታው ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለከተማ አስተዳደሩ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም አቤቱታ አቅራቢው በተሰጠው ውሳኔ ካልረካ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ጊዜው ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይቻላል። እነዚህን ቀናት ለመቁጠር እንዲያመች አቤቱታውን በጽሑፍ አቅርቦ፣ የገባበት ቀን የተመለከተበትን ቅጂ መያዝ ይገባል። ዘይቱ የተደፋበት ቦታና ሰዓት፣ ከተቻለም ፎቶግራፍ ቢያያዝ ማጣራቱን ያፋጥናል።

የጋራዥ ባለቤቶች የተቃጠለውን ዘይት ክዳን ባለው በርሜል አጠራቅመው ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ ማስረከብ ይጠበቅባቸዋል። ወለል ላይ የፈሰሰውን በሰጋቱራ መምጠጥ እንጂ በሳሙና አጥቦ ወደ ቱቦ መልቀቅ መፍትሔ አይደለም፤ ሳሙና ዘይቱን ከውኃው ጋር ይቀላቅለዋል እንጂ አያጠፋውም። ዘይቱን የመጠጠው ሰጋቱራም ከተራ ደረቅ ቆሻሻ ጋር አይጣልም።