የእጅ ፍሬን ሲደክም

የመኪና ፍሬን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በእግር የሚረገጠውን ነው። የእጅ ፍሬን የሚታወሰው ሾፌሩ ሊወርድ ሲል ብቻ ነው። ነገር ግን ልጆች በመኪና ዙሪያ የሚጫወቱት፣ እናት ዕቃ የምታወርደው፣ መንገደኛ መኪናውን ተደግፎ የሚያወጋው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት በፔዳሉ ላይ የማንም እግር የለም። ቤተሰቡን የሚጠብቀው የእጅ ፍሬኑ ነው።

ከጅማ ተነሥቶ በሸቤ በኩል ወደ ቦንጋ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቁ አንባቢያን ነገሩ በቀላሉ ይገባቸዋል። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው፤ መንገዱም ከሸቤ በኋላ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል። ዝናቡ ብዙ፣ ጭቃው ጠንካራ ነው። ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ ለቃሚዎች፣ ሕፃናትና ነጋዴዎች ከመንገዱ ዳር አይጠፉም። እንዲህ ባለው ስፍራ ስምንት መቶ ኪሎ ያህል የሚመዝን ቮልስ እንኳ ያለ ሾፌር ከተንሸራተተ የሚያደርሰውን ጉዳት መገመት አያዳግትም።

አሮጌ መኪና በአገራችን በቶሎ አይጣልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ቀረጥ አክብዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለሆነም በእጅ ያለውን መኪና በወጉ መያዝ ግዴታ ሆኗል።

የእጅ ፍሬን መድከሙ እንዴት ይታወቃል? ማንሻውን ወደ ላይ ሲስቡት «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ የሚይዙት ጥርሶች ድምፅ ነው። ማንሻው ከወትሮው ይልቅ ብዙ ጥርስ ከተሳበ፣ ጫፍ ደርሶም መኪናው በዳገት ላይ ፈቀቅ ካለ ደክሟል ማለት ነው። ሌላም ምልክት አለ። መኪናው በቆመ ቁጥር ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ወደ ጎማው የሚሮጥ ከሆነ ያ መኪና የእጅ ፍሬን አለው ለማለት ያስቸግራል። የራስዎ መኪና ባይኖርዎትም በተሳፋሪነትዎ ይህን አይተው መጠየቅ መብትዎ ነው።

የድካሙ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው፣ በኋላ ጎማዎች ታምቡር ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ ማለቁ ነው። ሁለተኛው፣ ማንሻውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው የብረት ገመድ መርዘሙ ወይም ጭቃና ውሃ ገብቶበት መዛጉ ነው። ሦስተኛው፣ የፍሬን ዘይት ወይም የአክስል ዘይት ፈስሶ ሸራውን ማራሱ ነው። ይህ ሦስተኛው በማጥበቅ አይድንም፤ ሸራው መለወጥ፣ የሚፈሰውም መዘጋት አለበት።

ብዙ ሰዎች የሚሠሩት ስሕተት ገመዱን ብቻ አጥብቆ መተው ነው። ሸራው አልቆ ሳለ ገመዱን መወጠር ችግሩን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል እንጂ አያስወግድም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ ሸራው በፊት፣ ገመዱ በኋላ ነው።

በቮልስ ላይ ሥራው እንደሚከተለው ነው። መኪናውን በደልዳላ መሬት ያቁሙ። የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያስጥቡ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ ማርሹንም ያውጡ፤ ማርሽ ከገባ የኋላ ጎማዎች በእጅ አይዞሩምና። ኋላውን በክሪክ አንሥተው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ያስቀምጡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ ምሰሶ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ልጆችም ከአጠገቡ ይራቁ።

ከጎማው በስተጀርባ ባለው የብረት ሳህን ላይ ቀዳዳዎች አሉ። በካቻቢቴ በቀዳዳው ውስጥ ያለውን ባለጥርስ ቀለበት ጎማው መዞር እስኪያቅተው ያጥብቁ፤ ከዚያም ጎማው ሳይታሽ በነፃ እስኪዞር ጥቂት ይመልሱ። በየጎማው ያሉት ቀለበቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱን ሠርተው ሌላውን አይርሱ። ሲጨርሱ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ይርገጡና ጎማዎቹን እንደገና አዙረው ይፈትሹ።

ወደ ገመዱ የሚዞሩት ይህ ካለቀ በኋላ ነው። በማንሻው ግርጌ፣ ከጎማ ልባሱ ሥር፣ ለሁለቱ ገመዶች ሁለት ዳዶዎች ያገኛሉ። ማንሻውን ሁለት ጥርስ ይሳቡ። የገመዱ ጫፍ እንዳይጠመዘዝ በካቻቢቴ ይዘው፣ የኋላ ጎማዎች በእጅ በጭንቅ እስኪዞሩ ዳዶውን ያጥብቁ። በአራተኛው ጥርስ ላይ ግን ጎማዎቹ በፍጹም መዞር የለባቸውም። ሁለቱ ጎማዎች እኩል መያዝ አለባቸው። በመጨረሻም ማንሻውን ያውርዱ፤ ጎማዎቹ በነፃ ካልዞሩ ከልክ በላይ ጠብቋል። እንዲህ የሚታሽ ፍሬን ይግላል፣ ይሸታል፣ ነዳጅም ይፈጃል። መያዣ ዳዶዎቹን ማጥበቅ አይዘንጋ።

አሠራሩ በሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንድ መኪና ሸራው በራሱ የሚጠብቅ ሲሆን ጥርሱም የተለያየ ነው፤ ልኩን ከመኪናው መመሪያ ይመልከቱ። አሮጌው ላንድሮቨር ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎችን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ የኋላ ጎማው በክሪክ ከተነሣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦም መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። ጎማ ሲለወጥ ታኮ የግድ ነው።

ስለ ጤናም አንድ ነገር እንጨምር። የቀድሞ የፍሬን ሸራዎች ብዙዎቹ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ የተባለ ማዕድን ነበረባቸው። ስለዚህ የታምቡሩን አቧራ በአፍም ሆነ በአየር ማስነፈስ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በቤትዎ መካኒክ ካለ የሥራ ልብሱን ቤት ውስጥ አያራግፉት፤ ከሕፃናት ልብስ ጋርም አብረው አይጠቡት።

ጥሩ የእጅ ፍሬን ቢኖርም አቋቋም ያስፈልገዋል። በተዳፋት ላይ ሲያቆሙ ፔዳሉን እንደረገጡ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ሞተሩን አጥፍተው፣ አፍንጫው ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ ያስገቡ። የድንጋይ ጠርዝ በሌለው መንገድ የፊት ጎማዎችን ወደ ቀኙ ዳር ይጠምዝዙ፤ ቢንሸራተት ወደ መንገዱ መካከል እንዳይወጣ ነው። ሕፃን ብቻውን መኪና ውስጥ አይተው። ለልጅ ማንሻው መጫወቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ ሊለቀው ይችላል።

«ይህ የወንድ ሥራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዳየነው ሥራው ከጉልበት ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ወጥ ሳይቀጥን ሳይወፍር መሥራትን የምታውቅ እጅ የዳዶን ልክም ታውቃለች። ገመዱ ከተበጣጠሰ፣ ሸራው ካለቀ ወይም ዘይት ከነካው ግን ወደ መካኒክ ይውሰዱት፤ ምን እንዳደረገም ይጠይቁ። የተሠራው እስኪፈተን ድረስ እርግጠኛ አይሁኑ፤ ሰው በሌለበት ለስላሳ ተዳፋት ላይ፣ እግርዎን ከፔዳሉ ብዙ ሳያርቁ ይሞክሩት።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ማንሻው ስንት ጥርስ እንደሚሳብ በየወሩ መቁጠር ደቂቃ አይፈጅም። ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት የእንጨት ታኮ ይኑርዎት። ድንጋይ ለማስጠብ ከተገደዱም ሲነሡ አንሥተው ወደ ዳር ይጣሉት፤ በጨለማ ለሚመጣው ሌላ ሾፌር እንቅፋት እንዳይሆን።