ከማሊያ ወደ አሠልጣኝነት፦ የይድነቃቸው ተሰማ የእግር ኳስ ዘመን

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ግን ስም ያተረፉት በኳስ ነው።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከጉለሌ ጋር በምትዋሰነው አራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ክለቡ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የጊዮርጊስ ስም ተነሥቶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» የሚል ተተካለት። ታዳጊው ተጫዋች ኳስን የተማሩት እንግዲህ፣ ሰው በቆዳው ቀለም በሚለይበትና የክለብ ስም እንኳ በገዥ ትእዛዝ በሚቀየርበት ከተማ ነው። በኋላ የሠሩትን ሁሉ ለመረዳት ይህን ዘመን ማስታወስ ይገባል።

ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል። በ365 ጨዋታዎች 318 ጎሎች እንዳስቆጠሩ ተመዝግቦላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1935 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ፤ እየተጫወቱ የጽሕፈት ቤቱንም ሥራ ይሠሩ ነበር። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍን) ሲመሠርቱ የኢትዮጵያ ወኪል ሆነው ተገኙ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ልላክ ስትል ሌሎቹ አገሮች አልተቀበሏትም፤ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች። ኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በሁለተኛው ዋንጫም ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተረታች።

ይድነቃቸው ማሊያቸውን በ1950 ዓ.ም. ሰቀሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ሲመጣ ብሔራዊ ቡድኑን የያዙት እሳቸው ነበሩ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ የአስመራ ልጆች ናቸው። መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ ነበር። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሚቀበለው አምበል የውጭ ስም ያለው ባይሆን የሚሹ ባለሥልጣናት እንደነበሩ፣ አሠልጣኙ ግን አምበሌን አልቀይርም እንዳሉ ይነገራል። ለአንድ አሠልጣኝ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ቢሸነፉ ጥፋቱ ሁሉ በእሳቸው ላይ ይወድቅ ነበር።

ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራች። ኢትዮጵያ አራት ጎል አስቆጥራ 4 ለ 2 አሸነፈች። ከጥምቀት በኋላ እሑድ፣ ጥር 13 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ሞልቶ የፍጻሜው ጨዋታ ተጀመረ። ተጋጣሚዋ ግብፅ ነበረች፤ በወቅቱ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ሲሆን የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች ወስዳለች። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አስቆጠረ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ጮኾ ሳይጨርስ ባዳዊ በ75ኛው ደገመ። ሉቻኖ በ84ኛው ደቂቃ እንደገና አስተካከለ። በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ በ117ኛው አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ 120 ደቂቃ መሮጥ ለእንግዳ ቡድን ከባድ ነው፤ ከፍታው ረድቷል። ሁለቴ ተመርቶ ሁለቴ የሚነሣ ቡድን ግን በከፍታ ብቻ አይገኝም። ሉቻኖ ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ አላገኘችም።

የይድነቃቸው የአሠልጣኝነት ድል ይህ ነው፤ አንድ ዋንጫ ብቻ። መንግሥቱ ወርቁ በበኩሉ ከሜዳ ከወጣ በኋላ የአሠልጣኙን ፈለግ ተከትሎ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኗል።

ይድነቃቸው ከዚያ በኋላ ትግላቸውን በስብሰባ አዳራሽ አደረጉ። እ.ኤ.አ. ለ1966 የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ ሲሰጥ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ይህን አቋም ከመሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ። አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ሄደች። ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው መሩት። ካርቱም ላይ የተጀመረው የአፓርታይድ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1976 ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ እስክትባረር ድረስ ከእጃቸው አልወጣም። የአፍሪካ ወጣቶች ውድድርም በስማቸው የተሰየመ ዋንጫ ነበረው።

ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ውድድር ተመለሰች፤ በ1996ም የአፍሪካን ዋንጫ አዘጋጅታ፣ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ማሊያ አሰልፋ ዋንጫውን ወሰደች።