1.2 ሚሊ ሜትር፦ ለሰዓት ሠሪ ያስቸገረው ማሽን

ውድ ሰዓት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የወርቁን ካራትና የፋብሪካውን ስም ነው። የማሽኑን ውፍረት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በስዊዘርላንድ የሰዓት ገበያ ግን የአንድ ሚሊ ሜትር ክፋይ አንዱን ድርጅት አበልጽጓል፤ ሌላውን አክስሯል።

እ.ኤ.አ. በ1957 ላ ኮት ኦ ፌ በተባለች መንደር የሚገኘው የፒያዤ ቤተሰብ ድርጅት በባዝል የሰዓት ትርዒት ላይ «9 ፒ» የተባለ በእጅ የሚሞላ ማሽን ይዞ ቀረበ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ማሽኑ በመሳሱ በተገኘው ቦታ ድርጅቱ ቆየት ብሎ የሰዓቱን ገጽ ከላፒስና ከኦኒክስ ድንጋይ እየሠራ በጌጥ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። ቅጥነት ገንዘብ መሆኑ ያኔ ታወቀ።

ይህን ያዩ ሌሎች ከዚያም በታች ለመውረድ ተነሡ። በ1976 ዣን ላሳል በሚል ስም ለገበያ የቀረበው፣ ፒየር ማቲስ የተባለ ባለሙያ የነደፈው «ካሊበር 1200» ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ሆነ። የስዊዝ ባለ 5 ሳንቲም ድፍን 1.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማሽኑ ከሳንቲሙ ሳሳ ማለት ነው። በተለመደው ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ጥርሳማ ጎማ ከታችም ከላይም ተይዞ ይዞራል። ማቲስ የላዩን ድጋፍ አነሣና ጎማዎቹን ከታች ብቻ በኩሽኔታ ላይ አቆማቸው። በመኪና ኩሽኔታ የሚነግዱ አንባቢዎቻችን የኳሶቹን ትንሽነት ይገምቱት።

ችግሩ የመጣው ሰዓቱ ለእጥበት ሲመለስ ነው። ይህን ማሽን ፈትቶ፣ አጽድቶና ዘይት ቀብቶ መልሶ መግጠም እጅግ አዳጋች በመሆኑ አሮጌውን አውጥቶ በአዲስ መተካት የተለመደ አሠራር ሆነ። ነጋዴ ይህን በሒሳብ ቋንቋ ሲያየው ሌላ መልክ አለው። የተሸጠው እያንዳንዱ ሰዓት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ማሽን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሻጩ ትርፉን ኪሱ ሲከት ዕዳውንም አብሮ ከቷል።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ሴይኮ በ1969 ያወጣው የኳርትዝ ሰዓት ገበያውን ገለበጠው፤ በ1970 ወደ 90 ሺህ ይጠጋ የነበረው የስዊዝ የሰዓት ሠራተኛ ብዛት በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30 ሺህ ግድም ወረደ። በቅጥነቱም ቢሆን ኳርትዝ አልተሸነፈም። በ1979 የወጣው ኮንኮርድ ዴሊሪየም ከነባትሪውና ከነመስታወቱ 1.98 ሚሊ ሜትር ነበር። የላሳል ድርጅት ይህን አልቻለውም። ስሙን ሴይኮ ገዛው፤ የማሽኑ ሥራ ወደ ሌማኒያ ሄደና ፒያዤም «20 ፒ» ብሎ ተጠቀመበት።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሁለቱንም ማሽኖች አሳምሮ የሚያውቀው ፒያዤ በ1998 የ9 ፒን ተተኪ ሲያወጣ ውፍረቱን 2.1 ሚሊ ሜትር አደረገው። አልቀነሰም፤ 0.1 ጨመረ። በእኛ ግምት ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይናገራል። አሮጌ ስስ ሰዓት ለመግዛት የሚያስብ ሰውም ከወርቁ በፊት መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ቢጠይቅ አይጎዳም።

ሽቅድምድሙ ግን አልቆመም። በ2022 ሪቻርድ ሚል ከፌራሪ ጋር ያወጣው በእጅ የሚሞላ ሰዓት ከነሽፋኑ 1.75 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ማሽኑ ብቻውን 1.18 ነው። ከላሳል በ46 ዓመት የተገኘው ልዩነት 0.02 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ብዛቱ 150 ሲሆን የአንዱ ዋጋ ወደ 1.9 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የቀጭንነቱ ክብር ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2024 ቡልጋሪ 1.70 ሚሊ ሜትር ይዞ መጣ። የሪቻርድ ሚሉ ሰዓት ከጎኑ መጠምዘዣ ስለሌለው የሚሞላው አብሮት በሚሰጥ ትንሽ መፍቻ ነው፤ ገዢው መፍቻዋን ከሰዓቱ እኩል መጠበቅ ይኖርበታል።