«ሠራሁ» ነው «ፈራሁ»?

በሐምሌ ዳላስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲል አዲስ አበባ አስር ሰዓት ነው። እናቴ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ከጋርላንድ ወጥቼ ኤልቢጄ ሃይዌይ ላይ እገባለሁ። አንድ ቀን በመኪናው ስፒከር «ትናንት እስከ ሌሊት ሠራሁ» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «ምን አስፈራህ ልጄ?»

መኪናዬ 20 ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቴፕዋ ብሉቱዝ አያውቅም። ማይክ ያለበት ርካሽ የብሉቱዝ መቀበያ ገዝቼ ኦክስ ቀዳዳው ላይ ሰክቼዋለሁ። እናቴ ደግሞ ጆሮዋ ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከመሣሪያው ነው።

የድሮው ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። «ሠ» ስንል የሚወጣው ፉጨት አብዛኛው ጉልበቱ ከ4,000 በላይ ነው። እሱ ሲቆረጥ «ሠ» እና «ፈ» ሁለቱም አጭር እስትንፋስ ሆነው ይቀራሉ። የዛሬ የኢንተርኔት ጥሪ ከዚህ ሰፊ ነው፤ ችግሩ ከስልኩ እስከ ቴፑ ባለችው አንድ ሜትር ላይ ነው። የቀድሞው የብሉቱዝ ጥሪ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ ከልኬቱ ብዛት ግማሽ በላይ ያለውን ሞገድ ደግሞ መያዝ አይቻልም። በ2011 (በፈረንጅ አቆጣጠር) የወጣው ስሪት 16,000 ጊዜ ስለሚለካ «ሠ» ትተርፋለች፤ ግን ስልኩም መቀበያውም ሊያውቁት ይገባል።

አንዳንድ ሰው ማይክ ብቻ ገዝቶ ኦክሱ ላይ ይሰካና «አይሠራም» ይላል። አይሠራማ! ኦክስ ሙዚቃ ወደ ቴፑ የሚገባበት በር ነው፤ ከዚያ ወደ ስልኩ የሚመለስ መንገድ የለም። ደግሞ ይህች የአተር ፍሬ የምታህል ማይክ ጥቂት ቮልት ትፈልጋለች። ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር በ1962 ቤል ላብስ ውስጥ የፈለሰፏት ዓይነት ናት፤ ቻርጅ ይዞ የሚቆይ ስስ ሽፋን በድምፅ ሲርገበገብ የኤሌክትሪክ ምልክት ይወጣል፣ ያንን ደካማ ምልክት ለማጉላት ነው ቮልቱ።

የኔ ጥፋት ቦታው ነበር። መቀበያው ማርሹ አጠገብ ተንጠልጥሎ ከአፌ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። የጎማው ጩኸት ጋቢናው ውስጥ የትም ቢሆን ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የእኔ ድምፅ ግን ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ይህን የሚያህል ለውጥ ውድ ማይክ በመግዛት አይገኝም። ስለዚህ ባለ ሽቦ ማይክ የሚቀበል ሌላ መቀበያ ገዛሁና ማይኩን የጸሐይ መከላከያው ላይ ቆነጠጥኩት። መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፌው ነበር፤ የኤሲው ነፋስ ቀጥታ ይመታዋል፣ የቴክሳስ ሙቀት ደግሞ ማስቲሹን ያቀልጠዋል። ሁለት ጊዜ ጭኔ ላይ ወድቋል። ሽቦውን በመስታወቱ ዳር ባለው ምሰሶ የሚያሳልፍ ሰው ከውስጡ ኤርባግ ሊኖር እንደሚችል አይርሳ፤ ሽቦው ኤርባጉ በሚፈነዳበት መንገድ ላይ መሆን የለበትም።

አንድ ነገር ቀረ፤ የእናቴ ድምፅ ከስፒከሩ ወጥቶ ማይኩ ውስጥ ይገባና አዲስ አበባ ደርሶ ራሷን ያሰማታል። መቀበያው ውስጥ ያለው ቺፕ የተላከለትን ድምፅ ስለሚያውቅ፣ ጋቢናው እንዴት አድርጎ እንደሚመልሰው ገምቶ ይቀንሰዋል። ቴፑ እስኪንቀጠቀጥ ከጮኸ ግን ግምቱ ይበላሻል፤ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ነው። የዚህ ቺፕ ቅድመ አያት የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ጃክ ኪልቢ የመጀመሪያውን የተቀናጀ ሰርኪዩት እዚሁ ዳላስ፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ ያሳየው መስከረም 12 ቀን 1958 ነበር (በፈረንጅ አቆጣጠር)። በ75 ሃይዌይ ወደ ሪቻርድሰን ስወጣ በድርጅቱ ግቢ አጠገብ አልፋለሁ።

ቴክሳስ ከ2017 ጀምሮ እየነዱ መልእክት መጻፍና ማንበብ ከልክላለች፤ ማይኩ እጅ ያስለቅቃል፣ ሐሳብን ግን አያስለቅቅም። መኪና ሲበዛ «ቆይ እደውላለሁ» እላታለሁ።

አሁን እናቴ እያንዳንዷን ፊደል ትሰማለች። «እስከ ሌሊት ሠራሁ» ስላት «ማን ነው እስከ ሌሊት ሥራ ያለህ?» ብላ እስከ ጋለሪያ የገበያ ማዕከል ድረስ ትቆጣኛለች። ፈርቼ ብቀር ይሻለኝ ነበር።