ያውቁ ኖሯል? የይለፍ ቃሉ ባዶ የነበረ የሰነድ ማከማቻ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጀሞ ወይም በለቡ ባለ አነስተኛ ቢሮ ሰነዶችን በመረብ አማካይነት ለሠራተኞች የሚያጋራ የመረጃ ማከማቻ መሣሪያ ካለዎት፣ አንዳንዱ ሞዴል ከሩቅ የተላከለትን ትእዛዝ ያለ ይለፍ ቃል ሊፈጽም እንደሚችል ያውቁ ኖሯል?

እ.ኤ.አ. በ2024 ዲ-ሊንክ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ዲኤንኤስ-320ኤል፣ ዲኤንኤስ-325፣ ዲኤንኤስ-327ኤል እና ዲኤንኤስ-340ኤል ሞዴሎች ውስጥ «ሜሴጅበስ» የሚባል፣ የይለፍ ቃሉም ባዶ የሆነ የተጠቃሚ ስም ተቀብሮ መገኘቱ ይፋ ሆነ። በዚህ ስም የገባ ሰው በድረ ገጽ ጥያቄ ውስጥ የሸሸገውን ጽሑፍ መሣሪያው ሳያጣራ እንደ ራሱ ትእዛዝ ይፈጽመው ስለነበር፣ ፋይሎችን መስረቅም ሆነ መሰረዝ ይቻል ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ጥቃት «ትእዛዝ ሰርጎ ማስገባት» ይባላል። በወቅቱ ከ92,000 በላይ መሣሪያዎች በኢንተርኔት ላይ ተጋልጠው ታይተዋል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር ደግሞ ከእነዚህ ሞዴሎች በአንዳንዶቹ ላይ ሌላ ክፍተት የተገለጠ ሲሆን፣ ይህኛው አዲስ ተጠቃሚ በሚመዘገብበት የስም ቦታ ላይ ትእዛዝ ለመጻፍ የሚያስችል ነበር።

ኩባንያው ሞዴሎቹ የአገልግሎት ዘመናቸውን የጨረሱ በመሆናቸው ለሁለቱም ክፍተቶች ማስተካከያ እንደማያወጣ አስታውቆ፣ ባለቤቶቹ በሌላ እንዲተኳቸው መክሯል። እስከዚያው ድረስ መሣሪያው ለቢሮው የውስጥ መረብ ብቻ እንዲያገለግል፣ ከኢንተርኔት ወደ እርሱ የሚያመራው መተላለፊያ በራውተሩ ላይ ይዘጋል፤ የሰነዶቹም ቅጂ ከመረቡ በተነጠለ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ክፍተት ተጠቅሞ በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።