ስክሪን የሸሸገው ክብደት

ከሥነ ጥበብ ዘርፎች ሁሉ ከባዱ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ሳያመነታ ቅርፃ ቅርፅ ነው ይላል። ድንጋይ፣ እንጨት፣ ነሐስና ሸክላ ሁሉም ተሸካሚ ይሻሉ፤ ሲወድቁም ይሰበራሉ ወይም ይሰብራሉ። ቀላሉስ የትኛው ነው ቢባል፣ የዘመናችን መልስ የዲጂታል ሥነ ጥበብ ይሆናል። በስክሪን ላይ የተሠራ ምስል በኪስ ይያዛል፤ በአንድ አፍታ ከመቱ ተነሥቶ ኒው ዮርክ ይደርሳል።

ይህ አስተያየት ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ግን በተማሪ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሙሉ ስሕተት አያንስም። በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ ወይም በበደሌ ተቀምጦ በእጅ ስልኩ ሥዕል የሚነድፍ፣ ነገ የሥነ ጥበብ ተማሪ ለመሆን የሚመኝ ወጣት አለ እንበል። አንዱ መካሪ «ዘመኑ የኮምፒዩተር ነው፤ መጥረቢያና ጭቃ ይቅርብህ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ኮምፒዩተር ጨዋታ ነው፤ ጥበብ ማለት በእጅ የሚሠራው ነው» ይለዋል። ሁለቱም መካሪዎች የዘነጉት አንድ ቁም ነገር አለ፦ ስክሪን ክብደትን ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው።

በርጩማው ስለ ምን ሦስት እግር ኖረው?

እስቲ ከቅርባችን እንጀምር። ጅማ በእንጨት ሥራዋ ስሟ የታወቀ ነው። ከጅማ እስከ ኢሉባቦር በተዘረጋው የቡና ሀገር ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምስማር የለውም፤ ማጣበቂያም የለውም። ጠራቢው ከግንዱ ላይ ትርፉን እያነሣ፣ እየቀነሰ፣ መቀመጫውንና እግሮቹን ያወጣቸዋል። በቅርፃ ቅርፅ ትምህርት ይህ ዘዴ በመቀነስ መቅረፅ ይባላል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለው በዚሁ መንገድ ነው።

ሦስት እግር ለምን እንዳስፈለገ ተማሪዎቼን ስጠይቅ፣ አብዛኞቹ እንጨት ለመቆጠብ ነው ይላሉ። እውነተኛው መልስ ያለው በጂኦሜትሪ ውስጥ ነው። በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ያልዋሉ ሦስት ነጥቦች ምን ጊዜም አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ይወስናሉ። ስለዚህ የቤቱ ወለል ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስቱ እግሮች በአንድነት መሬት ይነካሉ። አራተኛ እግር ሲጨመር ግን ወለሉ ልክ ካልሆነ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል፤ ወንበሩም ይንገጫገጫል።

ሦስት እግር የራሱ ዋጋ አለው። የተቀማጩና የበርጩማው የጋራ የክብደት ማዕከል፣ እግሮቹ መሬት ላይ ከሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ውጭ ከወጣ በርጩማው ይገለበጣል። ጠራቢው እግሮቹን ወደ ውጭ ዘርጋ የሚያደርጋቸው ሦስት ማዕዘኑን ለማስፋት ነው። ነገር ግን ያለ ልክ ሊዘረጋቸው አይችልም። እንጨት በክሩ አቅጣጫ ሲጎተት ብርቱ ነው፤ በአግድሙ ሲጎተት ግን በብዙ እጥፍ ደካማ ነው። እግሩ እጅግ ከተዘረጋ ክሩን አቋርጦ ስለሚሄድ በቀላሉ ይሰነጠቃል። እንግዲህ አንድ በርጩማ ማለት በመረጋጋትና በጥንካሬ መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። ጠራቢው ይህን በቀመር አልጻፈውም፤ በእጁ ግን ያውቀዋል።

ከስክሪን ወደ መሬት

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ እንለፍ። ብሌንደር የተባለው ባለ ሦስት ገጽታ ቅርፅ መሥሪያ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለማንኛውም ሰው በነፃ የተከፈተ ነው። ተማሪው በዚህ ሶፍትዌር በአንድ ጣት ላይ የቆመ ዝሆን ቢሠራ የሚከለክለው የለም። የመሬት ስበት በዚያ ዓለም ውስጥ የሚኖረው ሠሪው ሲጠራው ብቻ ነው። የ30 ሴንቲ ሜትሩን ምስል 3 ሜትር ለማድረግም አንድ ቁጥር መቀየር ይበቃል።

ከስክሪን ውጭ ግን ይህ ቁጥር ብዙ ያስከፍላል። የአንድ ሐውልት ቁመት፣ ወርድና ውፍረት ሁሉ 10 እጥፍ ሲያድግ ይዘቱ 10 × 10 × 10፣ ማለትም 1000 እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱም እንዲሁ። ያን ክብደት የሚሸከመው የእግሩ ውፍረት ሲቆረጥ የሚታየው ስፋት ግን የሚያድገው 100 እጥፍ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጫና 10 እጥፍ ይሆናል። ትንሹ ምስል በቀጭን እግሩ ኮርቶ ሲቆም፣ ትልቁ በራሱ ክብደት የሚሰበረው ለዚህ ነው። የነሐስ ሐውልቶች ውስጣቸው ክፍት ሆኖ በብረት አጽም የሚደገፉትም ለዚሁ ነው።

ለዚህ ሕግ ከሀገራችን የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 ዳግም የተተከለው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱም 160 ቶን ያህል ነው። በአቅራቢያው ተሰብሮ የተጋደመው ታላቁ ሐውልት ደግሞ 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በቁመት የሚበልጠው ከአንድ ሦስተኛ ጥቂት በሚያልፍ ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ 520 ቶን ይጠጋል፤ ከመጀመሪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህ ሐውልት የወደቀው ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ እንደሆነ ያምናሉ። በቁመት ላይ የተጨመረችው ጥቂት ሜትር በክብደት ላይ ምን ያህል እንደምትጨምር ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ድንጋይ የለም።

በርጩማው ወደ ቁጥር ሲለወጥ

በተቃራኒው አቅጣጫ መጓዝም ይቻላል። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁሙ፤ ከዚያ ዓይናችሁን አቀያይሩ። ጣቱ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር የዘለለ ይመስላል። የዝላዩ መጠን ጣቱ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይናገራል። ኮምፒዩተርም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በርጩማውን በዙሪያው እየተዘዋወራችሁ ከ60 እስከ 100 ፎቶግራፍ ብታነሡ፣ ሶፍትዌሩ በተለያዩ ፎቶግራፎች ላይ የሚታዩትን ተመሳሳይ ነጥቦች ይፈልግና በሦስት ማዕዘን ስሌት የእያንዳንዱን ቦታ ያገኛል። ለዚህ ሥራ መካከለኛ የእጅ ስልክ ካሜራ ይበቃል።

ውጤቱ የነጥቦች መረብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ይገለጻል፦ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች። 100,000 ነጥቦች ቢኖሩና እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ቢይዝ፣ የነጥቦቹ ቦታ በጠቅላላ 1.2 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ ከአንድ ጥሩ ፎቶግራፍ አይበልጥም። ይህን ፋይል ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ ላለው ሰው ብትልኩለት በርጩማውን በፕላስቲክ አትሞ ሊያወጣው ይችላል። ማተሚያው የሚሠራው በመቀነስ ፈንታ ቀልጦ የሚወጣ ክር ንብብር በንብብር በመጨመር ነው። የሚያስገርመው፣ ይህ ፕላስቲክም እንደ እንጨቱ ክር አለው። በንብብሮቹ መካከል ያለው ትስስር ደካማ ስለሆነ፣ ንብብሩ እግሩን በአግድም የሚያቋርጥ ከሆነ እግሩ ሲጣመም እዚያው ላይ ይሰበራል። ጠራቢው ስለ ግንድ የሚያውቀውን ማተሚያውን የሚያዘው ተማሪም ሊያውቀው ግድ ነው።

የፕላስቲክ ወንበር በየቤቱ በገባበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለው መዝገብ ጠቀሜታው ግልጽ ነው። ሆኖም ፋይሉ የሚይዘው የበርጩማውን ቆዳ ብቻ ነው። ጠራቢው ይህን ግንድ ከሌላው ለምን እንደ መረጠ፣ እርጥቡን ይቅረፀው ወይስ እስኪደርቅ ይጠብቅ፣ ስንጥቅ ሲመጣ በምን እንደሚያባብለው በ100,000ዎቹ ነጥቦች ውስጥ አልተጻፈም። ያ እውቀት በአረጋውያኑ እጅ ያለ ነው፤ ካልተጠየቁም አብሯቸው ያልፋል።

ጊዜን መቅረፅ

የዲጂታል ጥበብ ለቀራፂ የሚሰጠው አዲስ ነገር ካለ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ተወልደው በአሜሪካ የሚሠሩት ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተሰኘ አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል አበርክተዋል። መነሻው በታክሲ ስለተሳፈሩት አህያ፣ ፍየልና ውሻ የሚነገረው የታወቀ የከተማ ጨዋታ ነው። አህያዋ ሒሳቧን ስለ ከፈለች መኪና ሲመጣ አትነቃነቅም፤ ፍየሏ ሳትከፍል ስለ ወረደች ትሸሻለች፤ ውሻው መልሱን ስላልተቀበለ እስከ ዛሬ መኪና ያባርራል። ሠዓሊው በአንድ ሸራ ላይ ይሥላሉ፣ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፣ በላዩ ላይ ደግመው ይሥላሉ፣ እንደገና ያነሣሉ። እያንዳንዱ ሥዕል ለተከታዩ ቦታውን ይለቃል።

ዓይናችን በፍጥነት የሚፈራረቁ ምስሎችን አንድ እንቅስቃሴ አድርጎ ይቀበላል። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ በእጅ ለሚሠራ ሥራ 12 ምስልም ይበቃል። በ12 ስሌት አንድ ደቂቃ 720 ምስል ይፈልጋል። በወንዝ ዳር ጭቃ የሠራችሁትን ወፍ በ10 ሰከንድ ክንፉን ለማስዘርጋት 120 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማንቀሳቀስ፣ 120 ጊዜም ማንሣት ይኖርባችኋል። የስክሪኑ ቅልጥፍና ከጀርባው ይህን ያህል የእጅ ድካም አለበት።

ከምናለሽ ተራ የተነሣ ሽቦ

ቀራፂነትና ዲጂታል ዓለም በአንድ ሥራ ላይ የተገናኙበትን ምሳሌ ለሚሻ፣ ኤልያስ ስሜን መጥቀስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለዱት ኤልያስ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1990 ተመርቀዋል። ለሥራቸው የሚሆናቸውን ቁስ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ይገዛሉ፦ ያረጁ የኮምፒዩተር ሰሌዳዎች፣ የቁልፍ ሰሌዳ ፊደላት፣ ባለ ቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦዎች። ሽቦውን እንደ ስፌት ቀለም እየጎነጎኑ፣ ሰሌዳዎቹን እየደረደሩ፣ ከሩቅ ሲያዩት ከአየር ላይ የታየ ማሳ ወይም ከተማ የሚመስል ሰፊ ሥራ ያወጣሉ። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ ውስጥ ሲከፈት፣ ሕንፃዎቹ የተሠሩት በጭቃና በጭድ ነበር።

የኤልያስ ሥራ ለእኛ የሚነግረን ግልጽ ነው። ክብደት የለውም የተባለው ምስል የተቀመጠው በመዳብ፣ በወርቅ፣ በቆርቆሮና በሲሊኮን ላይ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ዘገባ መሠረት ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ዳግም ጥቅም ላይ ለመዋል የበቃው ከሩብ በታች ነው። በመቱ ገበያ አንድ ስልክ ጠጋኝ ቆርጦ የጣላት አረንጓዴ ሰሌዳም የዚህ ክምር አካል ናት።

የሶር ውሃ

ስክሪኑ እንዲበራ ደግሞ አንድ ቦታ አንድ ነገር መውደቅ አለበት። ለመቱ አካባቢ ያ ነገር ለብዙ ዓመታት የሶር ወንዝ ነበር። በሶር ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። አንድ ላፕቶፕ 50 ዋት ይጠቀማል ብንል፣ በአንድ ሰዓት 180,000 ጁል ይፈጃል። አንድ ሊትር ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 980 ጁል ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ሥራ 184 ሊትር ውሃ ከዚያ ከፍታ መውረድ ይኖርበታል። ከማመንጫው እስከ ቤት ድረስ አንድ አምስተኛው ይባክናል ብንል ደግሞ ወደ 230 ሊትር ይደርሳል፤ አሥራ አንድ ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ተማሪው ለአሥር ሰዓት ምስል ሲያቀናብር ቢያድር፣ 115 ጀሪካን ውሃ ከገደሉ ወርዶለታል። ያን ውሃ ዓመቱን ሙሉ ለወንዙ እያጠራቀመ የሚለቀው ደግሞ በቡናው ላይ ጥላውን የዘረጋው የኢሉባቦር ደን ነው።

እንግዲህ ወደ ሥነ ጥበብ የምታዘነብሉ የኢሉባቦር ተማሪዎች፣ ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ትምህርት ቤት እስክትገቡ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ፊዚክስ የምታጠኑትም ጓደኞቻችሁን አግዟቸው። በሰፈራችሁ በርጩማ የሚጠርቡ አባት ካሉ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። በርጩማውን በፎቶግራፍ ወደ ቁጥር ለውጡ፤ የእግሮቹን ሦስት ማዕዘን ለኩ፤ ጠራቢው ስለ ግንዱና ስለ ክሩ የሚሉትን በራሳቸው ቋንቋ ቅዱ። ከዚያ ቅርፁን በጭቃ አንድ ጊዜ በግማሽ መጠኑ፣ አንድ ጊዜ በእጥፉ ሥሩት። ትልቁ ተሰንጥቆ ቢወድቅ አትጣሉት፤ የት ላይ እንደ ተሰበረ አይታችሁ፣ ስክሪኑ ስለዚያ ስንጥቅ ለምን እንዳልነገራችሁ በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ።